የሆነ ነገር እያመለጠኝ ነው የሚል ስጋት ሲይዝዎ፦ ደረጃ በደረጃ ምን ማድረግ እንዳለብዎ

«ስልኬን ካላየሁ የሆነ ነገር የሚያመልጠኝ ይመስለኛል፤ ሳየው ደግሞ ይብስብኛል። ምን ላድርግ?» ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ በየጊዜው ይደርሰኛል። አንዱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጓደኞቹ የተሰበሰቡበትን ፎቶ ካየ በኋላ ይጠይቀኛል። ሌላዋ የመጣላትን ግብዣ ሁሉ እሺ ብላ፣ አንዱ ጋ ተቀምጣ «እዚያኛው ይሻል ይሆን?» እያለች ልቧ ተንጠልጥሎ ትውላለች። ሦስተኛው ሰው ሁሉ አተረፈበት የተባለውን ነገር ባለመግዛቱ እንቅልፍ አጥቷል። ለእያንዳንዱ ለየብቻው ስመልስ የቆየሁትን እዚህ አንድ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ብዙዎች ፎሞ (በእንግሊዝኛ fear of missing out፣ የማምለጥ ስጋት) የሚሉት ስሜት ይህ ነው። ሥነ ልቦና አጥኚው አንድሪው ፕርዚቢልስኪና ባልደረቦቹ በ2013 እ.ኤ.አ. 10 ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አዘጋጅተውለታል። ስሜቱን ሲገልጹትም ሌሎች ሰዎች እኔ በሌለሁበት ደስ የሚል ነገር እያሳለፉ ይሆናል የሚል የማይለቅ ስጋት ነው ይሉታል። ስጋቱ የጠናባቸው ሰዎች ከሦስት ነገሮች በአንዱ ወይም በሁሉም ጎደል ብለው ተገኝተዋል፦ በራስ ፈቃድ እየኖርኩ ነው ከሚል ስሜት፣ እችላለሁ ከሚል ስሜት፣ እና ከሰው ጋር ካለ መቀራረብ። ይህን ልብ ይበሉ። ስልኩ ስጋቱን ያባብሰዋል እንጂ ሥሩ ብዙ ጊዜ ከስልኩ ውጭ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁለት ሥራ ይሠራሉ፤ ግማሾቹ የሚገባውን ይቀንሳሉ፣ ግማሾቹ የጎደለውን ይሞላሉ። የመጀመሪያውን ብቻ ሠርተው የተዉ ሰዎች ከሳምንት በኋላ ወደነበሩበት ሲመለሱ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

ይህ መመሪያ ለዕለት ተዕለት ስጋት ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ዝቅ ብሎ የቆየ ስሜት ካለዎ፣ እንቅልፍዎና የምግብ ፍላጎትዎ ከተዛባ፣ ድሮ የሚወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላዎ፣ ይህን ወደ ጎን ትተው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ በአቅራቢያዎ ወዳለ የጤና ተቋም ይሂዱ፣ ብቻዎን አይሁኑ።

አንድ ሰው ወይም ቡድን ሆን ብሎ እያገለለዎ፣ እያሾፈብዎ ወይም እያስፈራራዎ ከሆነም ችግሩ የእርስዎ ስጋት አይደለም። እሱ በደል ነው፤ መፍትሔውም ለሚያምኑት ሰው መናገርና ከለላ መፈለግ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኪስ የሚገባ ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ መጻፍ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሊጽፉ ከፍተው ሌላ ነገር ሲያዩ ይገኛሉ።
- ከስልክ የተለየ የማንቂያ ሰዓት። ርካሹ ይበቃል።
- ሙሉ 3 ሳምንት፣ በቀን 15 ደቂቃ ያህል።
- ምን እያደረጉ እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው። የሚቆጣጠርዎ ሳይሆን በሳምንት አንዴ «እንዴት ሆነልህ?» ወይም «እንዴት ሆነልሽ?» የሚልዎ።

ደረጃ 1፦ ለ4 ቀን ምንም ሳይለውጡ ይመዝግቡ

ስልክዎን እንደወትሮው ይጠቀሙ፤ እንደወትሮው ይውጡ፣ ይግቡ። ስጋቱ በመጣ ቁጥር ብቻ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ይጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ምን እንዳዩ ወይም እንደሰሙ፣ ምን ያመልጠኛል ብለው እንደፈሩ፣ ሰውነትዎ ላይ የት እንደተሰማዎ፣ በመጨረሻም ኃይሉን ከ0 እስከ 10 በቁጥር። ለምሳሌ፦

«ማክሰኞ ምሽት 2፡10። የሥራ ባልደረቦቼ እኔ ሳልኖር ተሰብስበው ሲስቁ አየሁ። ያመልጠኛል ያልኩት፦ ወዳጅነታቸው። ደረቴን ጨነቀኝ። 7»

«ረቡዕ ጠዋት 1፡00። ምንም አላየሁም፤ እንደነቃሁ እጄ ስልክ ፍለጋ ሄደ። ያመልጠኛል ያልኩት፦ አላውቅም። 4»

ሁለተኛው ዓይነት መስመር ሲበዛ አይደንግጡ። «አላውቅም» ትክክለኛ መልስ ነው፤ ስጋት ሳይሆን ልማድ የሚጎትትዎትን ሰዓት የሚያሳየውም እሱ ነው።

ለምን? መመዝገቡ ራሱ ስለሚያቀል። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 143 ተማሪዎች በሁለት ቡድን ተከፍለው ነበር። አንዱ ቡድን ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን እያንዳንዳቸውን በቀን ከ10 ደቂቃ በላይ እንዳይጠቀም ለ3 ሳምንት ተገደበ፤ ሌላው እንደወትሮው ቀጠለ። ብቸኝነትና ድብርት ቅናሽ ያሳየው በተገደበው ቡድን ነው። ያመልጠኛል የሚለው ስጋት ግን በሁለቱም ቡድን ቀነሰ። ሁለቱም ቡድኖች የስልክ አጠቃቀማቸውን እየተከታተሉ ያሳውቁ ስለነበር፣ ተመራማሪዎቹ ራስን መታዘቡ ሳይረዳቸው እንዳልቀረ ጽፈዋል። ስለዚህ ይህን ደረጃ መግቢያ ነው ብለው አይዝለሉት።

ደረጃ 2፦ ጤዛውን ከጥማቱ ይለዩ

ከሁሉም ደረጃዎች ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው። በአምስተኛው ቀን ደብተሩን ይዘው ጸጥ ያለ ቦታ ይቀመጡ። እያንዳንዱን መስመር በሦስት ጥያቄ ያሳልፉት።

የመጀመሪያው፦ «እዚያ እንደነበርኩ ማንም ባያውቅ፣ ፎቶ ባልነሳ፣ በኋላም ለማንም ባላወራው፣ አሁንም እፈልገዋለሁ?» ብዙ መስመሮች እዚህ ላይ ይወድቃሉ። የፈለጉት ቦታውን ሳይሆን እዚያ ነበር መባሉን እንደሆነ ያዩታል። በዚህ አይፈሩ፤ ማንም ሰው ከሰው ጋር መቆጠር ይፈልጋል። ግን ምን እንደፈለጉ በስሙ ሲጠሩት ሌላ መንገድ ሊያገኙለት ይችላሉ።

ሁለተኛው፦ «ከነዋጋው እፈልገዋለሁ?» ዋጋ ስል ገንዘቡን ብቻ አይደለም። መንገዱን፣ ጥበቃውን፣ ጫጫታውን፣ በማግስቱ ያለውን ድካም፣ በዚያ ሰዓት ሊሠሩት የነበረውን ነገር ሁሉ ነው። ያመለጠንን ነገር ስናስብ አእምሯችን የሚስለው በጣም ደስ የሚለውን ቅጽበት ነው፤ ሁለት ሰዓት መቀመጡን አይስለውም። ዋጋውን ከጎኑ በጽሑፍ ሲያስቀምጡት ሥዕሉ ሙሉ ይሆናል።

ሦስተኛው ጥያቄ ቁጥር ነው። የዚያን ጊዜ 7 ያሉት ስሜት አሁን ስንት ነው? አዲሱን ቁጥር ከአሮጌው ጎን ይጻፉ።

አሁን ምልክት ያድርጉ። ቁጥሩ ክፉኛ ከወረደና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ካላለፈ «ጤ» ይበሉት፤ ጤዛ ነው፣ ፀሐይ ሲወጣ ይጠፋል። ቀናት አልፈውም ቁጥሩ ካልወረደ፣ ማንም ባያየኝም ከነዋጋውም እፈልገዋለሁ ካሉ «ጥ» ይበሉት፤ ጥማት ነው። ከላይ ያለው የማክሰኞ መስመር ለምሳሌ ጥማት ሊሆን ይችላል፤ የዚያ ምሽት ግብዣ ሳይሆን በሥራ ቦታ ወዳጅ ማጣት ነው የሚያስጨንቀው።

ለምን መለየት ያስፈልጋል? ሁለቱ ሕክምናቸው ስለማይገናኝ። ጤዛን መጠበቅ ብቻ ይበቃዋል። ጥማትን ግን «ተወው፣ ምንም አይደለም» እያሉ ማፈን ያጠነክረዋል፤ የሚቀርበው ነገር ያስፈልገዋል። ሰዎች የሚደክሙት ጥማታቸውን ጤዛ ነው ብለው ሲያባርሩ፣ ጤዛውን ደግሞ ጥማት ነው ብለው ሲሯሯጡለት ነው።

ደረጃ 3፦ ሒሳቡን በወረቀት ይሥሩ

«ሁሉም ሰው እየተዝናና ነው፣ እኔ ብቻ ቀረሁ» የሚለው ሐሳብ ከሚታየን ነገር አንጻር እውነት ይመስላል። ስለዚህ በምክር አይጠፋም፤ በቁጥር ይጠፋል።

200 ሰው ይከተላሉ እንበል። እያንዳንዱ በወር አንድ ቀን ብቻ የሚያስቀና ነገር ገጥሞት ቢለጥፍ፣ 200ን ለ30 ሲያካፍሉት በየቀኑ ከ6 በላይ ሰው ስልክዎ ላይ ሲደሰት ያያሉ ማለት ነው። እያንዳንዳቸው የቀሩትን 29 ቀናት ምናልባት እንደ እርስዎ ልብስ ሲያጥቡና አውቶቡስ ሲጠብቁ ነው ያሳለፉት። እርስዎ ግን የራስዎን አንድ ሕይወት ከ200 ሰው ድምር ጋር እያስተያዩ ነው። የራስዎን ቁጥር አስገብተው ስሌቱን ደብተሩ ላይ ይሥሩት፤ በራስ እጅ የተሠራ ሒሳብ ከተነበበ ይልቅ ይታመናል።

ሌላም ነገር አለ። ሶሲዮሎጂስቱ ስኮት ፌልድ በ1991 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ የብዙዎቻችን ጓደኞች በአማካይ ከእኛ የበለጠ ጓደኛ አላቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ብዙ ጓደኛ ያለው ሰው በብዙ ሰው ዝርዝር ውስጥ ይገባል፣ ጥቂት ያለው በጥቂቱ። ስለዚህ ዙሪያዎን ሲያዩ ከእርስዎ ይልቅ ተፈላጊ የሆኑ ሰዎች መብዛታቸው የእርስዎ ጉድለት ምልክት አይደለም፤ ብዙው ሰው ሲመለከት የሚያየው ይህንኑ ነው።

የሚታየን ነገር የተመረጠ መሆኑም መረሳት የለበትም። አሌክሳንደር ጆርዳንና ባልደረቦቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ተማሪዎች የጓደኞቻቸውን መከፋትና ችግር ከእውነቱ አሳንሰው ይገምቱ ነበር። ሰው የሚያለቅሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን ሲሆን ነው፤ በሰው ፊት ሲወጣ ፊቱን ታጥቦ ነው።

ደረጃ 4፦ ኖቲፊኬሽንን (የስልክ ማሳወቂያን) በቀን 3 ጊዜ ያድርጉ እንጂ ሙሉ በሙሉ አይዝጉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ሁሉንም አጥፋ» የሚለው ምክር ቆራጥ ይመስላል። ግን በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ሞክሮታል። ተሳታፊዎቹ ለሁለት ሳምንት በአራት ቡድን ተከፈሉ፦ ኖቲፊኬሽን እንደወትሮው የሚደርሳቸው፣ በየሰዓቱ ተጠራቅሞ የሚደርሳቸው፣ በቀን 3 ጊዜ ተጠራቅሞ የሚደርሳቸው፣ እና ጭራሽ የማይደርሳቸው። በቀን 3 ጊዜ የደረሳቸው ሰዎች ትኩረታቸው ተሻለ፣ ውጥረታቸው ቀነሰ፣ ስልኩን እኔ ነኝ የማዝዘው አሉ። ጭራሽ የተዘጋባቸው ግን ጭንቀታቸውና ያመልጠኛል የሚለው ስጋታቸው ጨመረ። እኔም ስልኬን ለአንድ ሳምንት ድምፅ አልባ አድርጌ ሞክሬው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ማንም ሳይጠራኝ በየ5 ደቂቃው ራሴ እየከፈትኩ አየው ነበር። መልእክት መቼ እንደሚደርስ ያላወቀ አእምሮ አያርፍም። መቼ እንደሚደርስ ሲያውቅ ግን መጠበቅ ይችላል።

እንዲህ ያድርጉ፦

1. ማንኛውም ሰዓት ሊደርሱዎ የሚገቡ ሰዎችን ስም በደብተሩ ይጻፉ። ልጅ፣ ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ የሥራ ኃላፊ። ከ7 በላይ ከሆኑ አንዴ ደግመው ይዩት።
2. ለእነዚህ ሰዎች የስልክ ጥሪ ክፍት ይሁን። «ለሚያስቸኩል ነገር ደውሉልኝ፤ መልእክት የማየው በቀን ሦስቴ ነው» ብለው ይንገሯቸው። ይህን ሳይናገሩ ከጀመሩ ሰው የተቆጡ ይመስለዋል፤ እርስዎም ጥፋተኛነት ተሰምቶዎ ይተዉታል።
3. ሦስት ሰዓት ይምረጡ። ከቁርስ በኋላ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከመኝታ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ለብዙ ሰው ይስማማል። ሥራዎ ፈጣን መልስ የሚጠይቅ ከሆነ የሥራውን መስመር ክፍት ትተው ይህን ለሌላው ብቻ ያድርጉት።
4. ግሩፖችን ሚውት ያድርጉ፤ ማለትም ማሳወቂያቸውን ጸጥ ያሰኙ። ዋትስአፕ ላይ ለ8 ሰዓት፣ ለ1 ሳምንት ወይም ለሁልጊዜ የሚል ምርጫ አለ፤ ለመነሻ 1 ሳምንት ይውሰዱ። ቴሌግራምም ለእያንዳንዱ ቻናልና ግሩፕ ሚውት አለው። ሚውት ማድረግ ከግሩፑ መውጣት አይደለም፤ አባላቱም ሚውት ማድረግዎን አያዩም።
5. አይፎን ካለዎ ኖቲፊኬሽን በመረጡት ሰዓት አጠራቅሞ የሚያመጣ ምርጫ በራሱ ማስተካከያ ውስጥ አለ። ይህ የሌለው ስልክ ካለዎ የአፖቹን ኖቲፊኬሽን አጥፍተው በሦስቱ ሰዓቶች ማንቂያ ይሙሉ፤ ማንቂያው ሲጮህ ይከፍታሉ። ዋናው ነገር የሚያዩበት ሰዓት የታወቀ መሆኑ ነው።
6. ማታ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር። የማንቂያ ሰዓት የገዙት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይከብዳሉ። ከዚያ በኋላ ደብተርዎ ላይ «አላውቅም» የሚሉት የጠዋት መስመሮች ሲሳሱ ያያሉ።

ደረጃ 5፦ ለሚመጣው ግፊት አስቀድመው መልስ ያዘጋጁ

ከሦስቱ ሰዓቶች ውጭ እጅዎ ወደ ስልኩ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ምን ላድርግ ብሎ ማሰብ አይሆንም፤ ሐሳቡ ቀድሞ ተወስኖ መገኘት አለበት። ሥነ ልቦና አጥኚው ፒተር ጎልዊትዘር የሠራባቸው ጥናቶች «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ተብሎ የተያዘ ዕቅድ «እሞክራለሁ» ከሚል ውሳኔ ይልቅ እንደሚፈጸም ያሳያሉ። ምክንያቱም ሁኔታው ራሱ ድርጊቱን ያስታውሳል።

ደብተሩ ላይ ደጋግሞ የታየውን ሰዓትና ቦታ ይምረጡና ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጻፉ፦

«ሰልፍ ላይ ቆሜ እጄ ወደ ኪሴ ሲሄድ፣ አሥር ጊዜ ቀስ ብዬ እተነፍሳለሁ።»

«ያልተጠራሁበትን ፎቶ ሳይ፣ ስልኩን ገልብጬ አስቀምጬ አንድ መስመር እጽፋለሁ።»

«ከሰው ጋር ተቀምጬ ሌላው ቦታ ትዝ ሲለኝ፣ ፊት ለፊቴ ላለው ሰው አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ።»

ግፊቱ ማዕበል ነው፤ ይነሳል፣ ይወርዳል። ካልታዘዙት ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል። 10 ደቂቃ ይስጡት። ከ10 ደቂቃ በኋላ አሁንም ከፈለጉ ይክፈቱ፤ ውድቀት አይደለም፣ ቢያንስ ወስነው ከፍተዋል።

ደረጃ 6፦ ምርጫዎን ይዝጉ

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ካንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ተረት ለመተዳደሪያ ጥሩ ምክር ነው። ለአንድ ምሽት ቀጠሮ ግን መንጠልጠሉን ብቻ ያተርፋሉ።

ዳንኤል ጊልበርትና ጄን ኤበርት በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የፎቶግራፍ ትምህርት የወሰዱ ተማሪዎች ካነሷቸው ሁለት ፎቶዎች አንዱን እንዲያስቀሩ ተደረገ። ለግማሾቹ በኋላ መለወጥ ትችላላችሁ ተባለ፣ ለቀሩት አይቻልም ተባለ። ፎቷቸውን የበለጠ የወደዱት መለወጥ የማይችሉት ናቸው። በሩ ሲዘጋ ልብ ያለውን ነገር መውደድ ይጀምራል፤ ክፍት ሲሆን ሲያወዳድር ይኖራል።

በተግባር፦ ለማንኛውም ግብዣ በ24 ሰዓት ውስጥ «እመጣለሁ» ወይም «አልመጣም» ይበሉ። «ምናልባት» የሚለውን ቃል ለእውነተኛ ምክንያት ብቻ ያስቀሩት። በአንድ ሰዓት ሁለት ቀጠሮ አይያዙ። እምቢ ሲሉ ሰበብ አያብዙ፤ እንዲህ ቢጽፉ ይበቃል፦ «ስላሰባችሁኝ አመሰግናለሁ። በዚህ ጊዜ አልመጣም። በሚቀጥለው ሳምንት ብንገናኝ ግን ደስ ይለኛል፤ ማክሰኞ ወይስ ሐሙስ ይመቻችኋል?» የመጨረሻው ጥያቄ ከሌለ መልእክቱ በር የሚዘጋ ይሆናል። ሰውየውን ከፈለጉት ግብዣውን ብቻ እንጂ ሰውየውን አይለፉት።

አንዴ ከወሰኑ በኋላ ያልሄዱበትን ቦታ ፎቶ በዚያው ምሽት አይመልከቱ። በማግስቱ ይዩት።

ደረጃ 7፦ ጥማቱን ያጠጡ

ወደ ደረጃ 2 ይመለሱና «ጥ» ያሉባቸውን መስመሮች ብቻ ያውጡ። ብዙ ጊዜ ከሦስት ወይም ከአራት አይበልጡም፤ አንድ ዓይነት ጉዳይ እየደጋገሙም ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ በዚህ ሳምንት ሊደረግ የሚችል አንድ ትንሽ ነገር ይጻፉ።

ጥማቱ ሰው ከሆነ ጠሪ ይሁኑ። ግብዣ የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ በሌላው ሰው እጅ ነው። ትልቅ ዝግጅት አያስፈልግም፤ ለአንድ ሰው ደውለው «እሁድ አብረን በእግር እንሂድ?» ማለት ይበቃል። እምቢ ቢሉዎ ለሁለተኛ ሰው ይደውሉ።

ጥማቱ መረሳት ከሆነ ይናገሩት። «ባለፈው ስትሰባሰቡ ብትነግሩኝ ደስ ይለኝ ነበር። በሚቀጥለው አስታውሱኝ፤ እመጣለሁ።» ይህን በግሩፕ ሳይሆን ለአንድ ሰው፣ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ወይም በአካል ይበሉት። የመገለል ሕመም እውነተኛ ነው፣ በራስዎ አይፍረዱ። ኪፕሊንግ ዊሊያምስ ከባልደረቦቹ ጋር ባካሄዳቸው ሙከራዎች ሰዎች በኮምፒውተር ኳስ እየተቀባበሉ ይጫወታሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ኳሷ ወደ እነሱ መምጣቷን ታቆማለች። አብረዋቸው የሚጫወቱት ሰዎች ሳይሆኑ ኮምፒውተሩ ራሱ እንደሆነ የተነገራቸው እንኳ ስሜታቸው ተጎድቷል። ማሽን ሲተወን የሚሰማን ከሆነ፣ ወዳጅ ሲረሳን ማመሙ ምን ይገርማል?

ጥማቱ ሙያ ወይም ትምህርት ከሆነ ደግሞ የሌላውን ሰው ውጤት ትተው የመጀመሪያ እርምጃውን ይፈልጉ። «እሷ ተመረቀች» የሚለው መስመር «የማመልከቻው ቀን መቼ እንደሆነ ነገ እጠይቃለሁ» ሲሆን ቁጥሩ በዚያው ቀን ይወርዳል፤ ቅናት ወደ ሥራ ሲዞር ጉልበት ነው።

ደረጃ 8፦ ስጋቱ ገንዘብ ሲጠይቅ

አጭር ነው፣ ግን አይለፉት። ሥነ ልቦና አጥኚዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እንዳሳዩት ኪሳራ ከዚያው መጠን ትርፍ ይልቅ ይከብደናል። ሻጮች ይህን ያውቃሉ፤ ወደ ኋላ የሚቆጥረው ሰዓት፣ «2 ብቻ ቀርተዋል»፣ «ሌሎች 15 ሰዎች እያዩት ነው» የሚሉት ሁሉ ያልያዙትን ነገር እንደሚያጡት ያስመስላሉ። ለመግዛት ከቸኮሉ 72 ሰዓት ይጠብቁና «ዋጋው ባይጨምር ኖሮ፣ ሌላ ሰውም ባይገዛው ኖሮ እገዛው ነበር?» ብለው ይጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ብዙ ትርፍ ቃል ገብቶ «ዛሬ ካልሆነ አይሆንም» የሚልዎ ሰው ካለ ገንዘብ አይላኩ። ማስቸኮል የአጭበርባሪ ዋና መሣሪያ ነው። እውነተኛ ዕድል ለአንድ ሌሊትና ለአንድ ምክር ጊዜ ይሰጣል።

ደረጃ 9፦ በ21ኛው ቀን ይለኩ

የመጀመሪያዎቹን 4 ቀናት ቁጥሮች ደምረው ለመስመሮቹ ብዛት ያካፍሉ። የመጨረሻዎቹን 4 ቀናትም እንዲሁ። የመስመሮቹን ብዛትም ያስተያዩ። ብዛቱ ቀንሶ አማካዩ ካልወረደ፣ ጤዛው ሄዶ ጥማቱ ቀርቷል ማለት ነው፤ ደረጃ 7ን ለሁለት ሳምንት ይቀጥሉ። ብዛቱ ካልቀነሰ ደረጃ 4 በትክክል መሠራቱን ይፈትሹ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሚውት ያልተደረገ አንድ ግሩፕ ይገኛል። ሁለቱም ካልተነቃነቁና ስሜቱ ሥራዎን ወይም እንቅልፍዎን የሚነካ ከሆነ ደብተሩን ይዘው ባለሙያ ጋ ይሂዱ። የ3 ሳምንት መዝገብ ይዞ የሚመጣን ሰው ለመርዳት ይቀላል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- በመጀመሪያው ቀን አፖቹን ሁሉ ማጥፋት። ሳይመዘግቡ ካጠፉ ምን እንደሚያስጨንቅዎ ሳያውቁ ይቀራሉ፤ ሲመልሷቸውም ስጋቱ እንዳለ ይመለሳል።
- አንዱን አፕ ትቶ ወደ ሌላው መሄድ፣ ወይም በሌላ ሰው ስልክ ማየት። ደብተሩ ላይ ይህንንም ይጻፉት።
- ደቂቃ ብቻ መቁጠር። አንድ ሰዓት ከእህትዎ ጋር በቪዲዮ ማውራትና አንድ ሰዓት የማያውቋቸውን ሰዎች ሕይወት መመልከት ስልኩ ላይ እኩል ይቆጠራሉ። የሚለካው ከዘጉት በኋላ የተሰማዎ ቁጥር ነው።
- ስጋቱን ለማስታገስ ሁሉም ቦታ መገኘት። ለአንድ ምሽት ያስታግሳል፤ ለአእምሮ ግን «አለመሄድ በእርግጥ አደገኛ ነው» የሚል ትምህርት ይሰጠዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ሆን ብለው ጤዛ የሆነ ነገር ይለፉና በማግስቱ ምን እንደጎደለዎ ይጻፉ።
- ያልሄዱበትን ዝግጅት ማጣጣል። «ደግሞ ምን ሊረባ!» ማለት ስጋቱን አያጠፋውም፤ ሰዎቹን ያርቃቸዋል። ደስ የሚል ነበር፣ እኔም አልነበርኩም፤ ሁለቱ አብረው ሊቆሙ ይችላሉ።
- ስጋቱ ከወራት በኋላ ሲመለስ ሁሉም ከንቱ ነበር ማለት። ሥራ ሲቀየር፣ አገር ሲለወጥ፣ ፍቅር ሲፈርስ ይመለሳል። ሲመለስ ከመጀመሪያው ሁሉንም አይጀምሩ። ደብተሩን አውጥተው ለ4 ቀን ይመዝግቡ፣ በአምስተኛው ቀን «ጤ»ና «ጥ» ብለው ይለዩ፣ ከዚያ የወጣውን ደረጃ ብቻ ይሥሩ።